አነፍናፊው ያለፈው ፈተና

«ከፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነው እኮ የሚያውቀው!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ አሁን ለገቡት ለቅሶ ደራሾች። ስትናገረው አራተኛ ጊዜዋ ነው። «በር ላይ ቆሞ፣ ‹ዛሬ የሦስተኛው በርሜል ክዳን ላልቷል› ይላል። ሄደው ሲያዩት ላልቷል! አነፍናፊው ያሉት ዝም ብለው መሰላችሁ?»

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊዋ፣ ሻይ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ኩሽናው በር ላይ ቆመች። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ከትናንት ጀምሮ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው።

«እስከ መጨረሻው አፍንጫው አልከዳውም» አለች እህትየው፣ እንባዋን በመሐረቧ እየጠረገች። «ሐኪሙ ራሱ፣ በፊርማና በማኅተም መስክሮለታል። ‹እንዲህ ያለ አፍንጫ አይቼ አላውቅም› ነው ያለው። ሚስቱ እዚያው ነበረች፤ ጠይቋት!»

ሁሉም ዞረው አዩአት። ዓይኗን ትሪው ላይ ተክላ፣ «አዎ፤ ነበርኩ» አለች። ትሪውን ማዞር ረሳች። ሰዎቹ ሐዘኑ ነው አሉ፤ አንድ ጎረቤትም ተነስቶ ትሪውን ተቀበላት። ሐዘንስ ነበረ፤ ማን የለም አለ? ግን ባለችበት ያስቀራት እሱ ብቻ አልነበረም። አፍራ ነው። ባሏን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እንደ ሰው ደረቷን ይዛ ማልቀስ እንኳ የከለከላት ይኸው እፍረት ነው።

አነፍናፊው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጨርቅ የሚነጣባቸውን ገንዳዎች የሚያጥብ ሠራተኛ ነበር። ጥርሱ የማይከደን ሰው። ጓደኞቹ፣ «ፖሊስ ቢቀጥርህ እኮ ውሾቹ ሥራ ይፈታሉ» ሲሉት፣ «እነሱ አጥንት ያገኛሉ፤ እኔ ምን ላገኝ?» ይላል። ቤት ሲገባ ደግሞ ጫማውን ሳያወልቅ ሚስቱ እየጠገነችው ያለውን ልብስ አንስቶ ያሸታል። «የሽማግሌ ኮት ነው። ሽማግሌው ሲጋራ ያጨሳል፤ ሚስቱ ግን አታውቅም፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይይዛል።» ኪሱን ስትፈትሽ የከረሜላ ልጣጭ ታገኛለች። የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ትስቃለች።

የዛሬ ዓመት ገደማ ነው፣ አንድ ጠዋት፣ ምንም ያልተጻፈበት ባልዲ ሙሉ አሲድ በረኪና ካለበት ገንዳ ውስጥ የተገለበጠው። የወጣው መርዘኛ ጋዝ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሸተተው እሱን ነው። «ውጡ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የነበረውን፣ ረጅሙ የሚሉትን ባልደረባውን፣ በቀበቶው ጎትቶ ወደ በሩ ገፈተረው። ሌሎቹም ሮጡ። እሱ መጨረሻ ወጣ፣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ እያሳለ። ያ ሽታ በሕይወቱ ያሸተተው የመጨረሻ ሽታ ሆነ። ይህን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው አሁን ተቀብሯል።

ያወቁትም በካውያ ነው። ልብስ ሰፊዋ የጋለ ካውያ ጨርቅ ላይ ረስታ ጎረቤት ዘንድ ደረስ ብላ ስትመለስ፣ ቤቱን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሞልቶታል። ባሏ ጀርባውን ለካውያው ሰጥቶ፣ ከካውያው አንድ እርምጃ ላይ፣ ጋዜጣ ያነባል። ጮኸች። ዞር ብሎ ጭሱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ካውያውን አንስቶ አቆመው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «አነፍናፊው ማሽተት ተወ ቢባል መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ረጅሙና ሚስቱ ለቅሶ የደረሱት በዚሁ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ረጅሙ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ሳሉ ቀደመው። መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ፣ ትከሻው እየተናጠ አሳለ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሳል ታውቀዋለች፤ ስምንት ወር ሙሉ አብሯት ተኝቷል። ሚስትየው ብርጭቆ ላጥብልሽ ብላ ተከትላት ኩሽና ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እህቴ፣ በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳቴ ነውር ነው፤ ይቅር በይኝ» አለች በሹክሹክታ። «የኔ ሰውዬ ሕመሙን ሲደብቅ ከርሞ ባለፈው ወር ለሳንባው ሕክምና አመለከተ። ሐሙስ፣ እዚያው ያንቺው በታየበት የኢንሹራንሱ ሐኪም ዘንድ ፈተና አለው።»

«ፈተና?»

«የቢሮው ጸሐፊ እንደዚያ ነው ያለችው። ሽታ አይሸተውም እኮ፤ ጭራሽ! ከወደቀ ሥራውም ሕክምናውም ይቀርበታል ብለን ፈርተናል። ያንቺው ሁሉንም ጠርሙስ አወቀ አሉ። በዚያ ሳል ላይ ሆኖ፣ አንዳች ዘዴ ቢኖረው ነው እንጂ… ንገሪኝ፤ በእናትሽ።»

ልብስ ሰፊዋ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «እግዜር ረዳው መሰለኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይህን ሴት ዝም ብላ ከሸኘቻት ረጅሙም ሐሙስ ያልፋል፤ ካለፈም እንደ ባሏ ሕክምና ይከለከላል። ከተናገረች ደግሞ ባሏን በገዛ ለቅሶው ላይ ታሳጣዋለች፤ እሷም ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ቀና ብላ አትሄድም።

ጥፋቱ የጀመረው በዚያችው ቃል ነው። ባሏም ስለ ሳሉ ሲያመለክት ጸሐፊዋ በስልክ፣ «ሐሙስ ፈተና አለህ» ነው ያለችው። ለፈተና ደግሞ ሰው የሚቀመጠው ሊያልፈው ነው። የሐኪሙ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ አንዲት ነርስ ትናንሽ ጠርሙሶች በትሪ ይዛ አለፈች፤ ልብስ ሰፊዋም ወረቀታቸውን አነበበች። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ናፍጣ። ዘዴው የተፈጠረው እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሳሙና አንዴ፣ ሎሚ ሁለቴ፣ ቅርንፉድ ሦስቴ፣ ናፍጣ አራቴ። ልጅ ሆነው ሲኮርጁ የነበሩ ይመስል አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። እሷ ከኋላው ቆማ፣ እንደምታስታምም ሚስት መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለው ሐኪሙ። ክዳኑ ሲከፈት እሷ ከኋላ ታሸታለች፤ ጣቷ ጀርባውን ነካ ነካ ያደርጋል። «ቅርንፉድ ነው ዶክተር።» «ሳሙና፤ ያውም ርካሹ።» አምስተኛው ጠርሙስ ሲቀርብ ምንም አልሸተታትም፤ ጣቷም ዝም አለ። ባሏ ፈገግ አለ። «ዶክተር አያታልሉኝ፤ ይሄ ውሃ ነው!» ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። እንዲህ ያለ አፍንጫ አይቼ አላውቅም ያለውም ያኔ ነው። «አለፍን!» እያሉ ነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤት የገቡት።

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። «ሠራተኛው በተደረገለት ምርመራ የማሽተት ችሎታው ፍጹም ጤናማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በጋዝ ተጎድቷል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ የሳንባ ሕክምናው እንደ ሥራ ላይ ጉዳት አይሸፈንም።» ሁለቴ አነበቡት። ለካ ማለፍ የሚቻለው በመውደቅ ነበር! ከወራት በኋላ ሌላ ነርስ ሆስፒታል ከተኛበት ክፍል ወጥታ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ «አለፈ» ስትላት፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ትዝ ያላት ያ ጠባብ ክፍል ነው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሳሳ። ጎረቤቶች ያዋሱትን ወንበር መውሰድ ጀመሩ። እነ ረጅሙ ሊሰናበቱ መጥተው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ሰው ሸኝታ ስትመለስ ግን ሳሎን የሉም። የኩሽናውን በር ገፋ ስታደርገው፣ ረጅሙ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ሚስቱ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፍንጫው ሥር ይዛለታለች።

«ምንድን ነው?»

«ሎሚ?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! እስቲ በደንብ ሳበው!»

ረጅሙ እንደ ታዛዥ ተማሪ ሳበው፤ አሳለም።

«አትለፍ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድምጿ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ረጅሙ ዓይኑን ገልጦ፣ «አትራመድ» የተባለ መስሎት እግሩን ሰበሰበ። ታላቅ እህትየውም ምን ተፈጠረ ብላ ከሳሎን ብድግ ብላ መጣች።

«ፈተናውን አትለፍ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የማይሸትህን አይሸተኝም በለው። የኔ ባል አልሸተተውም ነበር። አንዱም! እኔ ነኝ ከኋላ ሆኜ በጣቴ የነገርኩት።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም አወጣችው። ካውያውን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ውሃውን፣ ደብዳቤውን።  መጨረሻ ላይ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። የቀረውን እሱን እያየች ነው የተናገረችው።

«ደብዳቤው እንደመጣ፣ ‹እንሂድና እውነቱን እንንገረው፤ ቢስቁብኝም ይሳቁ› ብሎኝ ነበር። ለምኖኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ‹ሐኪሙን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አታላይ ልባል ነው?› አልኩት። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።»

የረጅሙ ሚስት ሳሙናውን አስቀመጠች። «ትናንት ስለምንሽ ነግረሽኝ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለች፤ ድምጿ ቀዝቅዟል። ረጅሙ ክንዷን ያዘ። «ተዪ። እሷ ባትኖር ሐሙስ ምን ልሆን ነበር?» አላት። እሱም ግን ልብስ ሰፊዋን ቀና ብሎ አላያትም።

«ሐሙስ አብሬያችሁ እመጣለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሐኪሙ ፊት እናገራለሁ።»

የሟቹ እህት ወደ ልብስ ሰፊዋ ቀረበች። «ሦስት ቀን ሙሉ ወንድሜን በሐሰት ሳስመሰግነው» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ሻይ ትቀጃለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሐኪሙንስ በምን ዓይንሽ ልታይው ነው?»

«በዚሁ ዓይኔ፣ እትዬ።»

 እህትየው ወደ ሳሎን ተመልሳ፣ መስኮቱ ሥር፣ ወንድሟ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እነ ረጅሙ ሄዱ። የመጨረሻዎቹ ወንበሮችም ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ቀድታ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ እህትየው አጠገብ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ቆመች። ውጪልኝ የምትላት መስሏታል። ብትላትም አትፈርድባትም።

እህትየው ብርጭቆውን አነሳች፤ ግን አልጠጣችም። አፍንጫዋ ሥር ይዛው ቆየች።

«ሎሚ ስንቴ ነበር?» አለች፣ ሳትዞር።

 ልብስ ሰፊዋ ቀረብ ብላ መዳፏን የእህትየው ጀርባ ላይ፣ ከትከሻዎቿ መሐል አሳረፈች። በጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገቻት።

እህትየው ዓይኗን ጨፍና፣ «ሎሚ» አለች።