የማሽላው ጉድጓድ እባብ

ባሌ ታሂር ደረተ ሰፊ ነው፤ የማሽላ ጉድጓዳችን አፍ አያስገባውም። ስለዚህ በየዓመቱ ወርጄ ማሽላውን የማወጣው እኔ ቀጭኗ ነኝ። የተዘጋ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል። ከፍተን አሳድረነውም አናምነውም፤ ከላይ ያለው ይጠራል፣ ከታች ያለው «አለሁ» ይላል። መልስ ከጠፋ የታችኛው እየሞተ ነው።

«ሀስና!»

«አለሁ! ይልቅ ባልዲውን ሳብ!»

ሦስተኛውን ባልዲ ስሞላ፣ ማሽላው ገና ስላልጎደለ ከአፉ ብዙም ሳልርቅ፣ የግድግዳው አፈር ተናደና አንድ ነገር ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከጫማ ማሰሪያ የማይበልጥ እባብ። ዕድሜውን ከአፈር በታች የሚኖር፣ የአይጥ ልጆችን ከነጉድጓዳቸው የሚበላ ነው። የሻርፔን እጥፋት አፈር መስሎት በአፍንጫው መቆፈር ጀመረ፣ ወደ አንገቴ።

ፈራሁ። ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ።

«ሀስና!»

ብተነፍስ የሚነድፈኝ መሰለኝ።

«ሀስና! ኧረ በአላህ!»

ታሂር አየሩ የያዘኝ መስሎት በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደ። እጁ ወደ ትከሻዬ ሲመጣ አየሁት። «ተው» ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩትም።

ጨበጠው። እባብ መሆኑ ሲገባውም አልለቀቀም፤ ቆላ ያደገ ሰው እባብን አንገቱን መያዝ ያውቃል። «አንገቱን ይዤዋለሁ፣ አይዞሽ!» አለና ሳቀ። ወዲያው ጮኸ። ይኼ እባብ ለካ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል። አንገቱን የያዘ ጣቱን ሰጠው ማለት ነው። ይህን የነገሩን ኋላ ሆስፒታል ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከመንደራችን ሮቢት እስከ ቆቦ ሆስፒታል በባጃጅ ስንበር እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ነበር፤ ጣቱ ጠቁሯል፣ ላቡ ይወርዳል። አሁን የምጠራው እኔ ነኝ።

«ታሂር!»

«አለሁ።»

«ታሂር!»

«አለሁ... ሾፌሩን አደነቆርሽው።»

ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ሌባ ጣቱ ግን ተቆረጠ።

አሁን ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣል። ትናንት ሲቲ፣ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤታችን፣ «ሀስና እንዴት ሳታየው ቀረች?» አለችው።

ታሂር ተቆጣ። «አየሩ ይዟት ነው እንጂ፣ ብታየው ኖሮ እሷ ትጮህልኝ ነበር!»

ቀና ብሎም አየኝ፣ እንድመሰክርለት። ምላሴ አሁንም ከላንቃዬ ተጣብቆ ቀረ።