ለ«ሌበርድ» የተገኘ ምሳሌ

በመሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ማለት» ይሉታል። ለመዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛ ቃላትን በአማርኛ ሲፈታ ሃያ ዓመት አልፎታልና፣ ሻይ ሲያዝ እንኳ ሻይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳያብራራ አይጠጣም።

ያን ሰሞን እንቅልፍ የነሳው «ሌበርድ» የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ፍቺው አልቸገረውም፦ በብዙ ጭንቅ የሚደረግ፣ ድካሙ የሚያስታውቅበት። ቀልድ አላስቅ ሲል፣ ጽሑፍ ሲንቀራፈፍ፣ ትንፋሽ አልወጣ ሲል ይባላል። የጠፋው ምሳሌ ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ አምስቱንም ቀደደ፤ አለቃው ለዛ የላቸውም ብሎት ነበር።

እናቱ በየሐሙሱ ምሳ ይዛለት ትመጣለች። እሱ ሊጠይቃት ጊዜ ስላጣ እሷ ትጠይቀዋለች፤ ያውም አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ ሊፍቱ በተበላሸበት። የዚያን ሐሙስ ትንፋሿን ከደረጃው ሰማ፤ ይቆራረጣል፣ ያፏጫል፣ ሦስት ደረጃ በወጣች ቁጥር ትቆማለች። ሮጦ ሊቀበላት ይገባ ነበር። ሰውዬው ግን ጆሮውን አቁሞ ብዕሩን አነሣ። በሩ ላይ ስትደርስ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል። አለቃው አደነቀለት። እሱም ላስመረምራት፣ ላስመረምራት እያለ ሐሙሶቹ ተከታትለው አምስት ወር ሄደ።

አሁን እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሟ ትንፋሽ ያጠራት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ታናሽ እህቱ ሰኞ ዕለት እንዳየችባት ተናገረች።

እናቱ ፈጠን ብላ «አዎ፣ ከሰኞ ወዲህ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱን ልታድን እንደዋሸች ገባው። እፍረት አንገቱ ድረስ ሞላው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ሐኪሟ ግን ያልሆነ ነገር ይዛ መድኃኒት ልታዝ ነው።

«አምስት ወር ሆኗታል» አለ።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለች እህቱ።

«ደረጃውን ስትወጣ ሰምቻት ነበር። ተነሥቼ እንደመቀበል፣ ትንፋሿን ለመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ አድርጌ ጻፍኩት።»

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሟ አቀርቅራ «ሰኞ» ብላ የጻፈችውን ሰረዘች።

እናቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። የኦክስጅን ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ ሳለ የቤት ሥራውን በምትጠይቀው ድምፅ፣ በየመሃሉ እያረፈች ጠየቀችው፦

«ታዲያ… ምሳሌው… አማረልህ?»