አንድ በር፣ ሁለት ሰርቨር

ያ ክረምት ክፉ ነበር። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ጣሪያው ያፈሳል። መብራት ሲጠፋ ዋናውን የኮምፒውተር ማሽን ይዞ የሚያቆየው ባትሪ ሞቷል፤ ምትክ አልተገዛም። ከመድኃኒት ማከፋፈያው አራት ሠራተኞች ተቀነሱ።

መብራት ተመልሶ በመጣ ቁጥር፣ መድኃኒት ቤቶች የሚያዙበት ድረ ገጽ ያብዳል። አንዴ ትክክለኛውን ዝርዝር ያሳያል፤ አንዴ ያለፈውን ዓመት ይዞ ብቅ ይላል። መድኃኒት ቤቶች የሌለ መድኃኒት ያዛሉ፤ ከዚያ በስልክ ይጮኻሉ።

የኮምፒውተር ክፍሉ አንጋፋ ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ደስታውን ግን ዋጥ አደረገው። ድረ ገጹን በበጋው እንደ አዲስ የሠራው እዚያው ክፍል የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጇ «ቀልጣፋው የታለ?» እንጂ ሌላ ጥሪ የላትም። ቤት ሲገባም ሚስቱ «ወንድሜ እኮ» ብላ ትጀምራለች፤ እሱም ገበታውን ትቶ ይነሳል። የመስኮቱ ዳር ወንበር ሳይቀር ለዚሁ ቀልጣፋ ልጅ ተሰጥቷል።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጇ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቀልጣፋው፣ ሰኞ ያ አሮጌ ዝርዝር ከወጣ አንተ አትግባ» አለችና ሄደች።

ቀልጣፋው ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ፋይሉን አርማለሁ፣ ሰርቨሩን አስነሳለሁ፤ ወይ ፍንክች! ከግድግዳ ጋር የማወራ ነው የሚመስለኝ።»

«እህትህን ጠይቃት። አንተ የማታውቀው ነገር የለም ስትል ነው የምትውለው።»

«ይቀልዱብኝ እንግዲህ» ብሎ ምሳውን ሊበላ ወጣ።

አንጋፋው ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። የልጁን ጥፋት በገዛ ዐይኑ ሊያይ ፈለገ። የድረ ገጽ ጠያቂ ሁሉ የሚገባው በአንድ በር ነው፤ ፖርት ሰማንያ ይሉታል። በሩን መያዝ የሚችለው አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለጠያቂ የሚያቀርብ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። አሁን ማን እንደያዘው ማሽኑን ጠየቀው።

መልሱ የራሱን ማኅደር አሳየው።

በሩን የያዘው አንጋፋው ከስድስት ዓመት በፊት በእጁ የገነባው ሰርቨር ነበር። ተዘጋጅቶ የመጣ ፕሮግራም መጫን የሰነፍ ሥራ ነው ይል ስለነበር፣ ሰርቨሩ ማሽኑ ላይ በተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የሚያዝ አንድ መስመርም ጽፎ ነበር። ልጁ በበጋ መስመሯን ሳያይ አሮጌውን አስቁሞ ያለቀ መሰለው። በጋውን ሙሉ ማሽኑ ሳይጠፋ ቆየ፤ ነገሩም ተኛ። አሁን ግን መብራት በመጣ ቁጥር ሁለቱ ወደ በሩ ይሮጣሉ፤ የቀደመ ይይዛል፣ የዘገየ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ልጁ የሚያርመው በሩን ያጣውን ሰርቨር ፋይል ነበር።

ያኔ በበጋ «ጋሼ፣ የድሮውን የት ነው የጫኑት?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «ብልጥ አይደለህ? ፈልገህ አግኝ» ነበር መልሱ።

እስከ ሰኞ ዝም ቢል የመስኮቱ ወንበር የእሱ ነው። እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንጋፋው በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የመሥሪያ ቤቱን የደንበኞች ማዘዣ መዝገብ ደምስሶ ነበር። ሚስቱ ገና አራስ ነበረች። ያን ጊዜ አዲስ ተቀጣሪ የነበረው ወንድሟ «እኔ ነኝ» አለ። ተባረረ። እስኪመልሱት አራት ዓመት በሰው ደጅ ተንከራተተ። አንድ ቀን እንኳ አንስቶበት አያውቅም። አንጋፋውን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይኸው ነበር፤ ቢያነሳበትማ ይጣሉና ይገላገል ነበር።

ያቺን የማስነሻ መስመር አልነካትም። ሄዶ ሥራ አስኪያጇን ጠራና ከማሽኑ ፊት አቆማት።

«አሮጌውን ዝርዝር የምታስነሳውን ይህችን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ ጠይቆኝ ደብቄበታለሁ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ። ያኔ እሱ የተባረረበትን መዝገብ የደመሰስኩትም እኔ ነኝ። እሱ የለበትም።»

ቀልጣፋው ከምሳ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። «በእርስዎ ጉዳይ ሰኞ እንነጋገራለን» አለች ለአንጋፋው። ወደ ልጁ ዞረች። «አንተን ግን ዘጠኝ ዓመት በሐሰት አምቼሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

አንጋፋው የማሽኑን ወንበር ለልጁ ሳበለት። «ና ተቀመጥ» አለው። «መስመሯን አንተ አጥፋት።»