በሁለተኛው ገቢር ያለችው እናቴ

በርኒስ ደውላ «ማክሰኞ ጠዋት ለዊኒ ሚና ትፈተኛለሽ» ስትለኝ የምትቀልድ መሰለኝ።

«ዊኒ እኮ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ የኔ ማር። ግን አሁን ተውኔቱ ብሮድዌይ ሊገባ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ሁሉንም እንደ አዲስ ማየት ይፈልጋሉ። አትቀየሚ፣ ወጉ ነው።»

በርኒስ ተዋናይ መልማይ ናት፤ ወጉን እሷ ልታስተምረኝ! ኒውዮርክ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስዘፍን ስንቱ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲጀመር የሚጠራው እንደ እኔ ያለው ነው፤ ድምፁ የማይከዳው፣ ኖታ ቶሎ የሚያነብ፣ ስሙን ግን ማንም የማያውቀው። ፎልደራችንን ይዘን፣ ቆመን እናነባለን፣ እንዘፍናለን። ጠዋት ያጠናነውን ዘፈን ከምሳ በኋላ ይሰርዙታል፤ ሌላ እናጠናለን። በዓመቱ ደግሞ ይጠሩናል። ተውኔቱ ሲበስል ትኬት የሚሸጥ ስም ይፈለጋል፤ እኛ ላም አለኝ በሰማይ እንዳልን እንቀራለን። በሌላ ሰው ሲደርስ «ምን ይደረግ፣ ሥራው ነው» እል ነበር። በራሴ ሲደርስ ግን ሥራው ነው ማለት አቃተኝ።

የተውኔቱን ልጅ፣ ዊኒን፣ አራት ዓመት ያነበብኳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ንባብ ጊዜ ሁለተኛው ገቢር ባዶ ነበር። ደራሲው ላይል ሳንድዊቹን ሳይነካ ተክዞ ሲቀመጥ አሳዘነኝና ስለ እናቴ አወራሁት። እናቴ ስክራንተን ከተማ ውስጥ በአንድ ቀሚስ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርዝ ስትሰፋ ኖራለች። ሆስፒታል ልትሞት ስትል እኔን የፋብሪካው አለቃዋ አድርጋ አየችኝ። «እሜቴ፣ ድርሻዬን ጨርሻለሁ። ቤቴ ልሂድ?» አለችኝ። ላይል ሳንድዊቹን ወዲያ ገፍቶ መጻፍ ጀመረ። በማግስቱ ትዕይንቱ መጣ፤ ዘፈኑም በእኔ ድምፅ ልክ ተሠራ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከሁሉ በሚበልጠው መድረክ፣ ብሮድዌይ ላይ፣ አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። ይህ ካለፈኝ ሌላ አይመጣም።

ማክሰኞ ጠዋት የፈተናው ክፍል ኮሪደር ላይ ስድስት ሴቶች ያንኑ የእናቴን ገጽ ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አጠገቤ ያለችው ወደ እኔ ዘወር አለች።

«ይቺ አሮጊት አንጀት ትበላለች አይደል? ማን ፈጥሯት ይሆን?»

«እግዜር» አልኳት።

ስገባ ከጠረጴዛው ኋላ በርኒስና ላይል፣ ከእነሱም ጋር አራት የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ከፈታኞቹ ወገን የቀረበ መላጣ ሰውዬ የእናቴን ቃል ከወረቀት ላይ አነበበልኝ። እኔም የተጻፈውን መለስኩ፤ «አዎ፣ ሂጂ። ዛሬ ጥሩ ሠርተሻል።»

አንዲት ባለመነጽር ፕሮዲውሰር ራሷን ነቀነቀች። «ቆንጆ ነው። ግን አላመንኩሽም። እናቷ የምትሞትባት ልጅ አልመሰልሽኝም።»

ላይልን አየሁት። የማን እናት እንደሆነች ያውቃል። አቀርቅሮ ወረቀቱን አገላበጠ።

«እባካችሁ፣ አንዴ ልድገመው» አልኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ማንንም እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

ያንገበገበኝ ደግሞ ሴትዮዋ ትክክል መሆኗ ነው። ላይልን ዋሽቼዋለሁ። እናቴን «ሂጂ» አላልኳትም። ያልኳትን ለሰው መናገር አፍሬ፣ ጥሩ ልጅ የምትለውን ነበር የነገርኩት። ያበጠው ይፈንዳ አልኩና ቆምኩ።

«እሜቴ፣ ድርሻዬን ጨርሻለሁ» አለ መላጣው። «ቤቴ ልሂድ?»

«አይቻልም» አልኩት። «ገና ነሽ። ሌላ ክምር አለ፤ ተቀመጪ።»

ያኔ ያልኳት ይህንን ነው። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። እሷም እንደ ለመደችው እሺ አለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ብርድ ልብሱ ላይ በባዶ ጣቷ ስትሰፋ ቆይታ ሞተች።

ባለመነጽሯ አፏን በእጇ ይዛለች። ላይል ድርሰቱን ገልጦ በእርሳስ ይጽፋል። ሚናውን አገኘሁት ብዬ፣ በደስታ እያለቀስኩ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን በርኒስ ደወለች። ሚናው ለአንዲት በቴሌቪዥን ለምትታወቅ ተዋናይት ተሰጥቷል።

«ግን ሁሉንም አስለቅሰሻቸዋል፤ እውነቴን ነው። ላይል ትዕይንቱን አንቺ እንዳልሽው ለውጦታል። ተጠባባቂ እንድትሆኚም ይፈልጋሉ። እሷ የታመመች ቀን አንቺ ትወጫለሽ።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው፤ ያደምቃል።

«ኮሪን? አለሽ?»

«አለሁ።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ተዋናይቷን ትዕይንቱ ከብዷታል። የአንቺ እናት እውነተኛ ታሪክ መሆኑን ላይል ነግሯታል። ቤትሽ መጥታ ስለ እናትሽ ልትጠይቅሽ ትፈልጋለች። አንቺ እንደዚያ ካልሻት በኋላ ምን እንዳደረገች፣ እንዴት እንደሞተች።»

በሃያ ሁለት ዓመት የዋጥኩት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። እንኳን ለእሷ፣ ለነፍስ አባትም ያልተናገርኩት ነገር ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋው ጣቴን አንስቼ ነበር።

«መቼ ትመጣለች?» አልኩ።