የባለጎማዋ ቤት ጓዳ

ልጄ ሰላሀዲን ያቺን ባለጎማ ቤት በኮምቢው ጎትቶ፣ ልጁን ኑርሀያትን እስከ ምድቧ እንደሚያደርሳት የነገረኝ ረቡዕ ዕለት ነው። እስከ ቅዳሜ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም።

ቤቲቱን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም። በንጉሡ ጊዜ የሐይቁን ወፎች ሊቆጥር የመጣ ፈረንጅ ከውሃው ዳር አቁሟት ሁለት ዓመት ኖረባት። አብዮቱ ሲፈነዳ እሱ አገሩ ገባ፤ ሰላሀዲን ሹፌሩ ስለነበር እሷን ለእሱ ተወለት። ነጭ ናት፣ ሁለት ጎማ አላት፤ ውስጧ አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንዲት መስኮት ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቼ ያድሩባት ነበር። ጎረቤታችን አያ ፈንታሁን በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣

"ሰላሀዲን፣ ይቺን ቀበሌ ሄደህ አስመዝግባት። ትርፍ ቤት ተገኘበት ተብለህ እንዳትወረስ" እያለ ያሾፍበታል።

ኑርሀያት በ1974 ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጣችና አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ቁልቁል ስትወርዱ ካለች መንደር ተመደበች። ትምህርት ቤቱ አዲስ ነው፤ የአስተማሪ ቤት የለውም። ከእሷ በፊት የተመደበው መምህር ከሰው ጎተራ ሥር ሲያድር ከርሞ ትቶት ሄደ አሉ። እንግዲህ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ በማታውቀው አገር የማን ደጅ ትደር? "አትሄድም" አልኩ። "እዚሁ ሌላ ሥራ ይፈለግላት" አልኩ። እሷ ግን የምደባ ደብዳቤዋን ከእጇ አላወጣችም። አባቷም ያን ረቡዕ ዶሮዎቼን አስወጥቶ ቤቲቱን ማጠብ ጀመረ። ለካ ነገሩ አልቋል።

እርግጥ ነው፣ ሰላሀዲን ጥንቁቅ ነው። ኮምቢውን ደሴ ወስዶ መጎተቻውን በበያጅ አስጠናከረ። የቤቲቱን ጎማዎች ለወጠ፤ መንጠቆው ቢያመልጥ እንኳ የሚይዝ ሰንሰለት ጨመረ፤ ኋላውን እንዲያይ ረዘም ያለ ስፖኪዮ አስገጠመ። በመጨረሻ የቤቲቱ ወለል ላይ፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ፣ በጠመኔ መስመር አሰመረ።

"ፈረንጁ ያስተማረኝ ይሄ ነው" አለ። "ከባድ ዕቃ ከዚህ መስመር ወደ ኋላ አያልፍም። ሁሉም ወደ ፊት፣ ወደ ኮምቢው ይጠጋል። ከኋላ ትራስና ብርድ ልብስ ብቻ። እማ፣ ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው ተጫነ። ሁለት ጆንያ ማሽላ፣ የመጽሐፍ ሣጥን፣ እዚያ የእህል መፍጫ ስለሌለ ደግሞ የእኔው የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ። ሰላሀዲን የይለፍ ወረቀቱን ሊያመጣ ቀበሌ ሲሄድ እኔ የጎደለ ነገር እንዳለ ልይ ብዬ ገባሁ።

የቤቲቱ በር በስተፊት በኩል ነው። ስከፍተው ማሽላው ከነጆንያው በሩ ላይ ተገትሮ፣ ወፍጮውም አጠገቡ ተጋድሞ አየሁ። ከኋላ ያለው ቦታ ባዶውን ነበር። በእኛ ዘንድ እህል ጓዳ ይገባል። በር ላይ የቆመ እህል ወጪ ገቢው ያየዋል፤ ዓይን ያረፈበት እህል ደግሞ በረካው ይነሳል። ወፍጮ ደጃፍ ላይ የሚጋደመው ቤት ሲፈርስ ነው። የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ቤቷ እንዲህ ሆኖ ይጀምር? ሊሰናበቱን ለመጡት ጎረቤቶች፣ "በሉ እስቲ ቢስሚላህ ብላችሁ ወደ ጓዳ አግቡልኝ" አልኳቸው። አስገቡልኝ። ከላይ ብርድ ልብስ አለበስኩበት።

ኑርሀያት ከደጅ ቆማ ታየኝ ነበር። "እምዬ፣ አባ እኮ መስመሩን..." አለች።

"አባትሽ መኪና ያውቃል። ቤት የማውቀው እኔ ነኝ።"

ሳቀችና ተወችኝ።

ሰላሀዲን ሲመለስ ሰንሰለቱን ሳበ፣ መብራቱን አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ። ውስጡን ግን ራሱ የጫነው ነውና ዳግም አልከፈተም። የኑርሀያት እናት ዘይቱና አራስ ስለነበረች ቀረች፤ በእሷ ምትክ እኔ ተሳፈርኩ። አያ ፈንታሁን ደግሞ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለች እህቱን ሊጠይቅ አብሮን ተሳፈረ። እሱና ሟቹ ባለቤቴ ሃያ ዓመት አብረው በቅሎ እየጫኑ የነገዱ ናቸው።

እስከ ውጫሌ መንገዱ ደህና ነበር። አንዳንዴ ከኋላችን ወዝወዝ የሚያደርገን ነገር ሲኖር ሰላሀዲን በስፖኪዮው ያያል። "ቀስ በል" አልኩት። "ቀስ ብያለሁ።" ትንሽ ቆይቼ ደግሜ "ቀስ በል" አልኩት።

"እቴ መሪማ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካለ ወደ ኋላ መሄዱ ነው" አለ አያ ፈንታሁን።

ኬላው ላይ ጠባቂው ቤቲቱን ሁለት ጊዜ ዞራት። "ጓድ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መኪና?"

"ሲቆም ቤት ነው፣ ሲሄድ መኪና" አለው ሰላሀዲን። ጠባቂው ፈገግ ብሎ ገመዱን ለቀቀልን።

ከውጫሌ አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ያ ውዝዋዜ ባሰ። ቤቲቱ አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው እየተወረወረች የኮምቢውን ወገብ ይዛ ትንጠው ጀመር። ከፊታችን ከኩርባው አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ። እኔ የኑርሀያትን ክንድ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያ ረቢ፣ እኔን አስቀድመኝ ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። ሰላሀዲን ፍሬኑን በድንጋጤ አልረገጠም። እግሩን ከነዳጁ አነሳ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። የጭነት መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ አጠገባችን ታክኮ አለፈ። ከዚያ የቤቲቱ ውዝዋዜ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ሰፋ ካለው የመንገዱ ዳር ቆምን።

አያ ፈንታሁን አማተበ። ሰላሀዲን ወርዶ ጎማዎቹ ሥር የታኮ ድንጋይ አደረገና በሩን ከፈተ። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው አየሁ።

"ይሄን ማን ነው ወደ ኋላ የወሰደው?" አለ። ድምፁን አልጨመረም። ልጄ ድምፁን ሳይጨምር ሲናገር ነው የምፈራው።

"እኔ ነኝ" አለች ኑርሀያት።

"መስመሩን አላየሽም?"

"አይቼዋለሁ። በር ላይ ሲሆን አስጠላኝ።"

ሰላሀዲን መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እያለሁ ይቺን ታህል ካልሰማሽኝ፣ ብቻሽን ምን አምኜ እተውሻለሁ? ውጫሌ ተመልሰን እናድርና ነገ ወደ ቤት እንገባለን። አንቺም የትምህርት ቢሮውን ለምነሽ እዚያው አጠገባችን ቦታ ይፈልጉልሽ።"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ደስ አለው። ከረቡዕ ጀምሮ ዱአ ያደረግሁበት ነገር ይኸው መጣ። አፌን ይዤ ብቀመጥ ልጅቱ ነገ ቤቴ ናት፤ ከቁልቁለቱም ከባዕድ አገሩም ተረፈች ማለት ነው። ኑርሀያት ከንፈሯን ነክሳ ሸለቆውን ታያለች። እንባዋ ቢሞላም ወደ እኔ ዘወር አላለችም። አንዴ እንኳ ብትገላምጠኝ ዝም ባልኩ ነበር። አላየችኝም።

"እኔ ነኝ ያስዞርኩት" አልኩ። "እሷ ልትነግረኝ ነበር፤ አፏን አስያዝኳት።"

ሰላሀዲን ቀና አለ። "አንቺ? እማ፣ ነግሬሽ አልነበረም?"

"ነግረኸኛል።"

አያ ፈንታሁን ከኮምቢው ተንጠራርቶ ወረደ። "እኔስ ብርድ ልብሱን ሳይ አውቄያታለሁ። ለመሆኑ እቴ መሪማ፣ ባልሽ ያን ሁሉ ዘመን በቅሎ ሲጭን፣ ጭነት ወደ ቂጧ ከሄደ ምን እንደምትሆን አልነገረሽም?"

"ነግሮኛል። ፊቷ ይቀልና ከወገቧ ትወላገዳለች።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ እሷ በቅሎ ናት። ይቺ ቤት አይደለችም እንዴ? ቤትን እንደ በቅሎ የሚጭን ማን አየ?"

ሰላሀዲን መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር። ኑርሀያትም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ ገደሉ ላይ ነበር።

"በሉ እንጫነው" አለ ሰላሀዲን። ከዚያ ልጁን አያት። "አንቺ ደግሞ፣ ያላጠፋሽውን አጠፋሁ ብለሽ ምን ልትሆኚ ነበር?"

"እምዬን ስትቆጣት እንዳላይ።"

"እንዲህ ከሆንሽማ፣ አስተማሪ ሆነሽ ያገሩን ሕፃን ጥፋት ሁሉ ልትሸከሚ ነው" አለና ጆንያውን ከወዲያ ጫፍ ያዘላት።

ማሽላውም ወፍጮውም ከመስመሩ ፊት ገባ፤ እንዳይንሸራተትም በገመድ ታሰረ። የቀረውን ቁልቁለት ሰላሀዲን ማርሹን ቀንሶ በእግረኛ ፍጥነት ወረደው። ቤቲቱ አሁን አልተወዛወዘችም። እኔ ግን እስክንደርስ ድረስ ዞሬ ዞሬ አይቻታለሁ።

መንደሩ ስንገባ ቀን ነበር። ቤቲቱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አቆምናትና የመንደሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዲት ሴት በሩ ሲከፈት ማሽላውን አየችና፣ "እንዴ፣ እህሉን በር ላይ?" አለች።

"እምዬ፣ አሁንስ ጓዳ ይግባ?" አለች ኑርሀያት።

"ቆዪ" አልኳት። ቤቲቱን ዞርኳት። የጎማዎቹን ታኮ አንድ በአንድ በእግሬ ገፋሁ፤ አልነቃነቁም። በስተኋላ የተደገፈችበትን ግንድም ነካሁ። መንጠቆውን ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"ሰላሀዲን፣ ኮምቢው ተፈትቷል?"

"ተፈትቷል እማ።"

"ሰንሰለቱስ?"

"እሱም ተፈትቷል።"

"እንግዲያው መኪናነቷ ቀርቷል ማለት ነው?"

"ቀርቷል። ቤት ሆናለች።"

"በሉ አግቡት" አልኩና መጁን ራሴ አቅፌ፣ የጠመኔውን መስመር ተሻግሬ ወደ ጓዳ ገባሁ።