ባለዘንዶዋ አታለቅስም

ደራሲዋ ሌላ ሰው የጻፈላትን የመጀመሪያ ገጽ አንብባ ስትጨርስ ሊያማት የሚገባውን ቦታ ፈለገችው። ጥርሱን ለማስነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ድዱን በምላሱ እንደሚዳስስ፣ ውስጧን ዳሰሰች። ምንም የለም። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ከእሷም ሳይሻል አይቀርም።

ከጠረጴዛው ማዶ አርታኢው መነጽሩን ይወለውላል። ዘንዶ ስላላት ልጅ የሚተርኩትን ስድስት የ«ባለዘንዶዋ» መጻሕፍት ያሳተመላት እሱ ነው፤ ወጣቶች ለደራሲዋ ፊርማ በየአዳራሹ ሲጋፉም አብሯት ቆሟል። ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ፣ በስሟ የሚጽፍላት ሰው ፈለገ። የተገኘችው ወጣት መምህርት አሁን አጠገቡ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

«ስምሽ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ነው» አለ፣ ውሉን ወደ ደራሲዋ እየገፋ። «አንቺ ፈርመሽ ማረፍ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ ለሁሉም ነገር የደራሲዋ መልስ እሺ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጻፈችው እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ አልጋዋ ሥር ተቀምጣ ነበር። የጻፈችውን ታነብላታለች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና፣ «ይሄ ዘንዶሽ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ውጦ ሆዱን አይነፋውም?» ትላለች፤ በራሷ ቀልድ ስትስቅ ሳል ያጣድፋታል። ያን ጊዜ ድና ቤቷ ገባች። ያረፈችው ከዓመታት በኋላ፣ ስድስተኛው መጽሐፍ በወጣበት ሳምንት ነው። በቀብሩ ዕለት ዘመዶቿ አቅፈው «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲሏት፣ ደራሲዋ ለእንግዶቹ ወንበር እንዳያንስ ታስብ ነበር።

ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ባለዘንዶዋ ልጅ እናቷን ቀብራ ታለቅሳለች። በሚቀጥለውም ገጽ ታለቅሳለች፤ በሚቀጥለውም።

«ይሄ አይሆንም።»

አርታኢው ቀና አለ። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ ቆይቷል።

«ልጅቷ አታለቅስም» አለች ደራሲዋ።

«እናቷ ሞታ?» መምህርቷ ሳታስበው አመለጣት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ… ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

ደራሲዋ ለፊርማ የቀረበላትን እስክሪብቶ አነሳችና ልቅሶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። በገጹ ኅዳግ ላይ በደቃቅ ፊደል ጻፈች፦ ልጅቷ ከቀብር ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀች። ውሃ ጠምቷት ነበር። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች።

እጇ እዚያ ላይ ቆመ።

አርታኢው ሊናገር አፉን ሲከፍት መምህርቷ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ደራሲዋ አላየቻቸውም። ውሉ ሳይፈረም ከክርኗ ሥር ተጨማዷል። አንደኛውን ብርጭቆ ልጅቷ ራሷ ትጠጣዋለች። ሁለተኛውን፣ በልማድ ለእናቷ የቀዳችውን፣ ግን ይዛ ወዴት ትሄዳለች? ኅዳጉ ሞልቶ ነበርና ወረቀቱን ገልብጣ መጻፏን ቀጠለች።