በመስኮት በኩል ያለው ጉንጭ

ባሌ ፊቱን በልብስ ሳሙና የሚታጠብ ሰው ነው። ታዲያ ይሄ ሰው አንድ ቀን ጠዋት አንደኛው ጉንጩ ብቻ እያብለጨለጨ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ምን ልበል? "ላብ ነው" አለኝ። ላብ ከመቼ ወዲህ ነው በአንድ ጎን የሚወጣው!

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። እሱ ሥራ እንደሄደ ቤቱን አመስኩት። የመነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ አንዲት ክሬም ተደብቃለች። የፊት የፀሐይ መከላከያ ናት፤ ከሥሯ "የቆዳ እርጅናን ይከላከላል" ይላል። ጉድ በይ አልኩ ለራሴ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ታይቶት ነው ፀሐይ የፈራው?

ወዲያው ትኬት ቆራጯ ትዝ አለችኝ። እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ የተመደበችው በቅርቡ ነው፤ ልጅ እግር፣ ሳቂታ። በመጀመሪያ ቀኗ ምሳውን ላቀብለው ብገባ "አባትሽ ናቸው?" አለችኝ። እኔም ቀልደኛዋ "አዎ፣ አባቴ ነው፤ አደራሽን!" አልኳት። አውቶቡሱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሱም መሪውን እንደያዘ ፈገግ አለ። ለካ እኔ ሞኟ በገዛ አፌ መርቄ ሰጥቻታለሁ!

ክሬሙን ይዤ ወደ ሰፈራችን ፋርማሲ ከነፍኩ። ፋርማሲስቷ ገና ስታየው ሳቀች።

"የሹፌሩ አይደል? የመጀመሪያው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ አቃጠላቸው። ሁለተኛው ፊታቸውን ዱቄት የነካው አስመሰለው። ይሄኛው ቀለል ያለ ነው፤ በመስታወት አልፎ ቆዳ የሚያስረጀውን ጨረርም ይከላከላል።"

"ከማን ጋር ነው የመጣው?"

"ብቻቸውን። የተሸበሸበውን ይመልስ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ አይመልስም ስላቸው ቅር አላቸው።"

ቅር አላቸው! ለማን ብሎ ነው ቅር የሚለው? ደሜ ፈላ።

ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ክሬሙን ፊቱ ወረወርኩለት። "ለማን ብለህ ነው የምታምረው? ለዚያች ትኬት ቆራጭ?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠና በመስኮት በኩል የሚውለውን ጉንጩን ወደ እኔ አዞረ። ጠቁሯል፤ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ተጨማዷል። ሌላኛው ጎኑ ያው የማውቀው ነው።

"አባቴ ነው አልሻት" አለ። "ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አመነች። እስካሁን 'ልጅዎ ደህና ናት?' እያለች ነው የምትጠይቀኝ።"

"ታዲያ ሚስቴ ናት አትላትም?"

"አፍረሽብኝ ይሆናል ብዬ ነዋ።"

ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወለቅኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ክሬሙን ከእጁ ቀማሁት። "አንተ፣ ለምንድነው በአንድ ጎን ብቻ የምትቀባው?"

"ይሄኛው ያኛውን በእርጅና ጥሎት እንዳይሄድ ነው።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሁለቱንም ጉንጩን፣ አንገቱንና ጆሮውን ሳይቀር ቀባሁትና አብሬው ወጣሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ ትኬት ቆራጯ "ዛሬ ደግሞ አባትሽን ልትሸኚ ነው?" አለችኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "ባሌ ነው!" አልኳት።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቀልድሽ አያልቅም!" ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ተሳፋሪውም አብሯት ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ከወንበሩ ኋላ ቆሜ እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ፤ ሳቁ ጸጥ እስኪል ድረስም አላነሳሁትም።